ካይሮ ላይ የተባለው «ወላሂ»



ሰኔ 3 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ረመዷን ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ገብቶ ሳለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ካይሮ ነበሩ። ሥልጣን ከያዙ ገና ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ቢሆናቸው ነው። ከፕሬዚዳንት አብዱልፈታሕ አልሲሲ ጋር ቆመው ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ፣ ሲሲ እንግዳቸውን በግብፅ ሕዝብ ፊት እንዲምሉ ጠየቋቸው። ሲሲ በዐረብኛ ይላሉ፣ የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ከሥር ከሥር ይደግማሉ፦ ወላሂ፣ ወላሂ፣ በግብፅ ውሃ ላይ ጉዳት አናደርስም።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ከደሴ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው፤ ጧት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ መድረሳ። እኛ ሰፈር «ወላሂ» ብርቅ ቃል አይደለም። ቲማቲም ሻጯ ትለዋለች፣ የባጃጅ ሹፌሩ ይለዋል፣ ክርስቲያን ጓደኞቻችን ሳይቀሩ ኳስ ሜዳ ላይ ጎል መግባቱን የሚያስረዱት በወላሂ ነው። ቪዲዮው በየስልኩ ሲደርሰን ግን ነገሩ ለእኛ ለደረሶቹ ሌላ ሆነ። በዚያ ሰሞን ከአቡ ሹጃዕ ኪታብ የመሐላውን ምዕራፍ እየቀራን ነበርና ሁላችንም ትንንሽ ሙፍቲ ሆነን ነበር የከረምነው።

አንዱ «ሌላ ሰው እያስባለህ የምትለው መሐላ ይቆጠራል ወይ?» ይላል። ሌላው የዐረብኛውን ትርጉም ያውቁታል አያውቁትም እያለ ይከራከራል። ሦስተኛው ኪታቡን ቀድሞ ያነበበ ስለነበር፣ መሐላው ቢፈርስ ከፋራው አሥር ሚስኪን ማብላት ነው፣ ይህን ደግሞ የኢትዮጵያ በጀት ይችለዋል ብሎ አሳቀን። ሼኻችን ግድግዳውን ተደግፈው ሁሉንም ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። በሐዲስ እንደመጣው፣ መሐላ የሚታሰበው አስማዩ ባመነበትና በተረዳው መንገድ ነው፤ ዑለማዎቹ ይህ በተለይ ዳኛ ፊት ለሚደረግ መሐላ ነው ይላሉ። «እንግዲህ» አሉ ሼኻችን፣ «ሰውዬው ጉዳት ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? እሱን ሳታውቁ የከፋራውን እህል አትስፈሩ።» ከዚያ ወደ ነዝር ምዕራፍ አለፍን።

አሁን የኤሌክትሪካል ምሕንድስና አምስተኛ ዓመት ነኝ። መሪዎች ጎረቤት አገር ደርሰው ሲመለሱ በዜና የሚባለውን በሰማሁ ቁጥር የሼኻችን ጥያቄ ይመጣብኛል። ሁለቱ አገሮች ግንኙነታቸውን ለማጠናከር ተስማሙ ይባላል። ማጠናከር ማለት ለማን ምን ማለት ነው?

የካይሮውን ቃል እንውሰድ። ለአንድ ግብፃዊ ባለሥልጣን ጉዳት ማለት ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለቱ ብቻ ተፈራርመው ለግብፅ ከመደቡት 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ላይ መቀነስ ነው። ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ተሰጥቷል። ኢትዮጵያ በዚያ ውል ውስጥ የለችበትም። ለአንድ ኢትዮጵያዊ ባለሥልጣን ደግሞ የራስን ድርሻ በፍትሐዊነት መጠቀም ጉዳት ሊባል አይችልም፤ ጉዳት የሚሆነው ከዚያ አልፎ የታችኛውን አገር ለጥማት መዳረግ ነው። ሁለቱም ሰዎች አንድ ቃል ሰምተው፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው፣ ሁለት የተለያየ ነገር ይዘው ወደ ቤታቸው ሊገቡ ይችላሉ። ማንም አልዋሸም። የሼኻችንን መስፈርት ይዘን ከሄድን ደግሞ ነገሩ ለእኛ ይከብዳል፤ አስማዩ በተረዳው ከሆነ የሚታሰበው፣ የተማለው በ55.5 ነው ማለት ነው እኮ!

ቁጥሩ ውስጥ ትንሽ ልግባ፤ የምሕንድስና ተማሪ ነኝና ታገሡኝ። የህዳሴው ግድብ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ዓባይ በዓመት ወደ ሱዳን የሚያወርደው በአማካይ ወደ 50 ቢሊዮን ነው። የአንድ ዓመቱን ፍሰት ጠብታ ሳታስቀሩ ብታጠራቅሙት እንኳ ግድቡ አይሞላም። ስለዚህ ክርክሩ ከመጀመሪያውም የጊዜና የመጠን ነበር፦ በስንት ዓመት ይሞላ? ድርቅ ለተከታታይ ዓመታት ቢመጣ በዓመት ስንት ይለቀቅ? ሱዳን ሮዛሪስ ግድብ ላይ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለሙያ ነገ ስንት ውሃ እንደሚመጣበት ዛሬ ማን ይንገረው? ለእነዚህ መልሱ ቁጥርና ስልክ ቁጥር ነው። በወላሂ ውስጥ ሁለቱም የሉም።

በርግጥ ከመሐላው በፊት ወረቀት ነበር። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ አልሲሲና አልበሺር አሥር መርሆዎች ያሉት መግለጫ ፈርመዋል። አንዱ መርህ ጉልህ ጉዳት ስላለማድረስ ነው፤ ሌላው ስለ ፍትሐዊ አጠቃቀም። «ጉልህ» የሚለው ቃል ግን ቁጥር አልተሰጠውም። ግድቡ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ለኛ ዲፓርትመንት 5,150 ሜጋ ዋት ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የዚያን ዕለት ዶርማችን ውስጥ የነበረውን ጩኸት የሰማ ሰው ይመስክር። ሦስቱን አገሮች የሚያስገድድ የአለቃቀቅ ደንብ ግን ዛሬም የለም።

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ጉብኝትን የማጣጥል ሊመስለው ይችላል። አይደለም። በዚያ በ2010 ሚያዝያና ሰኔ መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጅቡቲ፣ ካርቱም፣ ናይሮቢ፣ ሪያድ፣ አቡ ዳቢ፣ ካይሮና ሞቃዲሾ ሄደዋል። ከካይሮው ጉዞ ጋር 32 ኢትዮጵያውያን ከግብፅ እስር ቤት ተፈትተው አገራቸው ገብተዋል። ከሳዑዲው ጉዞ ጋር ደግሞ ወደ 1,000 የሚሆኑ እስረኞች እንዲለቀቁ ተደርጓል። በየትኛውም የምሕንድስና መጽሐፍ ብትፈልጉ ለአንድ ቀን ጉዞ ከዚህ የበለጠ ምርት አታገኙም።

እኛ ወሎዎች ደግሞ ሳዑዲን እንደ ሩቅ አገር አንቆጥርም። ባሕር ቢኖርም ጎረቤት ናት፤ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ወደዚያ ያልተሻገረበት ቤት ጥቂት ነው። የአክስቴ ልጅ ያን ጊዜ እስር ላይ ነበር፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ተይዞ። ዜናው የተነገረ ማታ አክስቴ ከኢፍጧር በኋላ ሬዲዮኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። ስም ዝርዝር በሬዲዮ የሚነበብ መስሏታል። ልጇ በዚያ ዙር አልመጣም፤ የመጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስኪመጣ ድረስ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «የኔ ልጅ፣ አንተ ትምህርት ቤት ትውላለህ፣ ደግሞ መቼ ነው የሚሄዱት?» የእናት ተስፋ በአውሮፕላን በረራ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መሪው ከሄደ ይፈታል፣ ካልሄደ ይቀመጣል። ልጇ ስንት ወር እንደሚታሰር፣ ማን መዝገቡን እንደሚያይ፣ ቆንስላው በስንት ቀን እንደሚጠይቀው የሚናገር ወረቀት ስለ መኖሩ ማንም ነግሯት አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል ብላም አታስብም።

እዚህ ላይ የዶርም ጓደኛዬን ሐሳብ ማስገባት አለብኝ፤ ካለዚያ ይቀየመኛል። የሞያሌ ልጅ ነው፣ ሲቪል ያጠናል፣ እኔን «የወረቀት አርበኛ» ይለኛል። «ወረቀትማ ነበር» ይላል። «አልጀርስ ላይ በ1993 ተፈርሟል። የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ወስኗል። አሥራ ስድስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ማን ቀሰቀሰው? አንድ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ አስመራ ወረደ፣ አለቀ።»

እውነቱን ነው፤ ቢያንስ ግማሹን። ሐምሌ 1 ቀን 2010 የሆነውን ያየ ሰው አይክደውም። በማግስቱ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫው ተፈረመ፤ ስልክ ተከፈተ፤ ሐምሌ 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አስመራ በረረ። ለሃያ ዓመት ድምፃቸውን ያልሰሙ ወንድማማቾች ስልክ ደዋወሉ። መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬና ዛላንበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት የነበረውን እቅፍና ለቅሶ የትኛውም ሰነድ አያመጣውም። ልብ ሲዘጋ የሚከፍተው ፊት ለፊት መተያየት ነው፤ ዚያራ በዲናችንም ቦታ ያለው ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ግን አለ። በዛላንበሳ በኩል ነጋዴው ጤፍና ብሎኬት ጭኖ ሲሻገር፣ ቀረጡ ስንት ነው፣ ብር በናቅፋ በስንት ይመነዘራል፣ የመኪናው ሰሌዳ የት ይመዘገባል ለሚለው በግልጽ የተነገረ ደንብ አልነበረም። በጥቂት ወራት ውስጥ ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ለመዝጋትም ደብዳቤ አላስፈለገም፤ ሲከፈት ያልተጻፈ በር ሲዘጋ ማን ምን አጠፋ ብሎ ለመጠየቅ የሚያዝ ነገር የለውም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ለዚህ ጓደኛዬ የምመልስለት ከሲራ ነው። የሑደይቢያን ስምምነት ሁላችንም ተምረነዋል፤ ግን ብዙ ጊዜ የምንማረው ውጤቱን ነው፣ አጻጻፉን አናይም። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዑምራ ለማድረግ ወጥተው መካ አፋፍ ላይ ሲታገዱ፣ ከቁረይሽ በኩል ሱሀይል ኢብኑ ዐምር መጣ። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ጸሐፊ ሆነው ተቀመጡ። ሱሀይል በመጀመሪያው መስመር ላይ ተከራከረ፣ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው እንዲጠፋ ጠየቀ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እሺ አሉ። ዘመኑ ተወሰነ፦ አሥር ዓመት። ማን ወደ ማን ቢመጣ እንደሚመለስ ተወሰነ። ወረቀቱ ገና ሳያልቅ የሱሀይል የራሱ ልጅ አቡ ጀንደል፣ እስልምናን የተቀበለው፣ እግር ብረቱን እየጎተተ ሙስሊሞቹ መሐል ወደቀ። አባቱ «የመጀመሪያው ይኸው» አለ። አቡ ጀንደል ተመለሰ። ዑመር (ረ.ዐ.) ምን ያህል እንደተቆጡ ታውቃላችሁ።

በዚያ ቀን የነበረ ሰው ሁሉ እስረኛውን ይዞ መሄድ ይፈልግ ነበር። እኔም ብሆን የምመርጠው ያንን ነው፤ የአክስቴን ፊት አይቻለሁና። ወረቀቱ ግን ዋጋ አስከፈለ፣ ምክንያቱም በውስጡ የነበሩት ቃላት ትርጉማቸው ለሁለቱም ወገን አንድ ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ የቁረይሽ አጋሮች በኑ በክር ኹዛዓዎችን ሲወጉ፣ ስምምነቱን ማን እንዳፈረሰ ለመለየት ክርክር አላስፈለገም።

ከዚያ ደግሞ ለርእሳችን ቅርብ የሆነው ይመጣል። አቡ ሱፍያን፣ የቁረይሽ መሪ፣ ራሱ ተነሥቶ መዲና ድረስ ሄደ፤ ስምምነቱን ለማደስ። በዛሬ አነጋገር ይፋዊ የሥራ ጉብኝት ነው። መጀመሪያ የገባው ልጁ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) ዘንድ ነበር። ኡሙ ሐቢባ እዚህ እኛ አገር ተሰደው ከነበሩት አንዷ ናቸው፤ ነጃሺ ናቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ጋብቻቸውን ያስፈጸሙት። (በዚህ ጋዜጣ ላይ ነጃሺን ሳይጠራ የሚያልቅ ጽሑፍ የለም ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ይኸው ደረሰ።) አባታቸው ምንጣፉ ላይ ሊቀመጥ ሲል ጠቀለሉበት። ወደ አቡበክር፣ ወደ ዑመር፣ ወደ ዐሊይ (ረ.ዐ.) ሄደ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ትልቅ ሰው ነበር፣ ትልቅ መንገድ ሄዷል፤ ግን ውሉ ከተቀደደ በኋላ የተደረገ ጉዞ ነበር።

ከዚያ ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የአላህ ቃል ነው። ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ ሰላት ወይም ስለ ጾም ቢሆን ባልገረመኝ። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ስለ ብድር ነው፤ እስከ ተወሰነ ጊዜ ስትበዳደሩ ጻፉት፣ ጸሐፊው በትክክል ይጻፍ፣ ሁለት ምስክር ይኑር የሚል ይዘት ያለው። የሚያወራው ደግሞ ስለሚተማመኑ ሙእሚኖች ነው፤ ለነሱ እንኳ ወላሂ አይበቃም ማለት ነው።

የኔ ሙያ ውስጥ የማውቀውን አንድ ጉርብትና ልንገራችሁ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርስ መስመር አለ፤ 1,045 ኪሎ ሜትር፣ 500 ኪሎ ቮልት፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም የሚችል። በዲሲ ነው የሚሠራው፤ የሁለቱ አገሮች መረብ አንድ ዓይነት ምት ሳይመታ ኃይል መቀባበል የሚችለው በዚህ ስለሆነ ነው። (የዲሲን ጥቅም ለማስረዳት ሌላ ዕትም ይሰጠኝ።) የገንዘቡ ስምምነት ሲደረግ ከነበሩት መሪዎች ኃይሉ ሲፈስ በሥልጣን ላይ የነበረ የለም። የሽያጭ ውሉ በሐምሌ 2014 ሲፈረም ናይሮቢ ላይ ኡሁሩ ኬንያታ ነበሩ፤ በኅዳር 2015 ኃይሉ መሸጥ ሲጀምር ዊሊያም ሩቶ። ውሉ ለ25 ዓመት ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ለኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ምርጫ መጣ፣ መሪ ተለወጠ፣ መስመሩ ግን አልተቋረጠም። ይህ ዜና ላይ ብዙም አይታይም፤ ለካሜራ የሚመች ነገር የለውም።

ለተለማማጅነት የወጣሁበት አንድ ሰብስቴሽን ውስጥ ያየሁት ነገር ደግሞ የካይሮውን ቪዲዮ አስታወሰኝ። አንድን መስመር ለመክፈት ወይም ለመዝጋት ትእዛዝ በስልክ ሲመጣ፣ ተቀባዩ ኦፕሬተር የተባለውን ቃል በቃል መልሶ ይናገራል። ልክ እንደዚያ መድረክ፣ አንዱ ይላል፣ ሌላው ይደግማል። ልዩነቱ የሚደገመው የመስመሩ ቁጥር፣ የብሬከሩ ቁጥርና ሰዓቱ መሆኑ ነው። ደግሞ ሲጨርስ መዝገብ ላይ ከነስሙ ይጽፈዋል። ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩትን ጋሼን «እናንተ ጋር ያለው ሰውዬ ጓደኛችሁ አይደል፣ ይህ ሁሉ ለምን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጓደኛዬ ስለሆነ ነዋ» አሉኝ፤ «መስመር ላይ የሚወጣው ልጅ ሊሞትብን ይችላል፣ ከዚያ እኔና እሱ ምን እንደተባባልን ስንጨቃጨቅ እንዳንኖር።»

ይህን ለሞያሌው ጓደኛዬ ስነግረው ወዲያው አልተሸነፈም። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩና ፕሬዚዳንት ኬንያታ ሞያሌ ድረስ መጥተው የጋራ ኬላውን መርቀዋል፤ እኛው ከተማ ውስጥ ሆነው ባይጨባበጡ ማን ያስታውሰን ነበር ይላል። ኬላው የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው፣ ተሻጋሪው ሁለት ቦታ መሰለፉ ቀርቶ አንድ ቦታ ጉዳዩን እንዲጨርስ የተሠራ ነው። እናቱ በዚያ በኩል እየተሻገረች ልብስ ትነግዳለች። ስለ ምረቃው ቀን ጠይቄያት ነበር፣ ባለፈው ክረምት ቤታቸው ሄጄ ሻይ ስታቀርብልኝ። ትዝ አላላትም፤ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ በስንት ሰዓት ለምሳ እንደሚወጣና የጁምዓ ቀን መቼ እንደሚመለስ ግን በደቂቃ ነገረችኝ።